ፊት ያለው ማሰሮ፦ የአክሱም፣ የፔሩና የወለጋ ሸክላ ስለ ሠሪዎቹ ምን ይነግረናል?

(በአንገር ጉቲን ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሸክላ ነው፤ በተለይም አንገቱ ወይም መላ አካሉ የሰው ፊት ሆኖ ስለ ተቀረጸ ሸክላ። እንዲህ ያለው ዕቃ በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ምድር በብዛት ተገኝቷል። በአገራችንም በአክሱም መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ካነጻጸርኩ በኋላ ወደ ራሳችን ወደ ወለጋ እመለሳለሁ። ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ በሸክላ ላይ የተቀረጸ ፊት ሁለት ሰዎችን ያገናኘናል። አንዱ የተቀረጸው ሰው ነው፤ ሌላው የቀረጸው ሰው ነው። ሙዚየሞቻችንና መጻሕፍቶቻችን የመጀመሪያውን ሲያደንቁ ኖረዋል። ሁለተኛውን ግን ዘንግተውታል። ይህ ሁለተኛ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ዛሬም በሕይወት አለ፤ በየገበያው ቀን ዕቃውን ዘርግቶ መሬት ላይ ተቀምጦ እናገኘዋለን።

በቅድሚያ ስለ ቋንቋ ጥቂት ልበል። ሰው ፊትን በሸክላ ላይ ለምን ይቀርጻል ብለን ስንጠይቅ ነገሩ እንግዳ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን አማርኛችን ራሱ ለሸክላ የሰው አካል ከሰጠ ቆይቷል። እንስራ አፍ አለው፣ አንገት አለው፣ ሆድ አለው። መያዣውን ጆሮ እንለዋለን። «ጆሮው የተሰበረ ገንቦ» ስንል ቃሉ ተውሶ መሆኑን አናስተውልም። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም የማሰሮውን አፍ «አፋን»፣ መያዣውን «ጉራ» ይሉታል፤ ትርጉሙ አፍና ጆሮ ነው። እንግዲህ አፍ፣ አንገት፣ ጆሮና ሆድ ላለው ነገር ዓይንና አፍንጫ መጨመር ትልቅ ርቀት አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ የምታደርገው ቋንቋው የጀመረውን መፈጸም ነው። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «ፊት ለምን ተቀረጸ?» የሚለው ሳይሆን «የማን ፊት ተቀረጸ? ዕቃው ለምን አገልግሎት ዋለ? የማን እጅ ሠራው?» የሚለው ይሆናል።

በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ወደ ፔሩ እንሂድ። ብዙ ሰው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ፊት ያለው ማሰሮ ሲያይ «የኢንካ ነው» ይላል። የኢንካ ስም ስለ ገነነ ነው እንጂ ከእነዚህ ዕቃዎች እጅግ የታወቁት የኢንካ አይደሉም። የኢንካ መንግሥት የገነነው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1532 እ.ኤ.አ. ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ፒዛሮ ንጉሡን አታዋልፓን በካሃማርካ ሲማርክ መንግሥቱ የመውደቂያ መንገዱን ጀመረ። የፊት ሸክላ ጥበብን ወደ ከፍተኛ ደረጃ ያደረሱት ግን ሞቼ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። እነርሱ በሰሜናዊ ፔሩ የባሕር ዳርቻ፣ ከተራራው ወደ ውቅያኖስ በሚወርዱ ወንዞች ሸለቆ ውስጥ፣ በግምት ከ100 እስከ 800 እ.ኤ.አ. ኖረዋል። በሞቼና በኢንካ መካከል ያለው ጊዜ ከስድስት መቶ ዓመት ይበልጣል። በመካከሉም እንደ ዋሪና ቺሙ ያሉ ሌሎች መንግሥታት ተነሥተው ወድቀዋል። ሁሉንም «ኢንካ» ብሎ መጥራት የአክሱምን፣ የላስታንና የጎንደርን ዘመን በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው።

የሞቼ ሸክላ ሠሪዎች የሰውን ራስ በተፈጥሮ መጠኑ በሚቀራረብ ቁመት ይቀርጹ ነበር። ከራሱ አናት ላይ እንደ እርካብ የታጠፈ ቱቦ ይወጣል፤ የዕቃው አፍ እርሱ ነው። ፊቱ ግን የማንም ፊት አይደለም፤ የአንድ የታወቀ ሰው ፊት ነው። የጉንጩ ሥጋ፣ የግንባሩ ሽብሽብ፣ የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር ይታያል። አሜሪካዊው ሊቅ ክሪስቶፈር ዶናን በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እነዚህን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያነጻጸረ፣ አንድ ሰው በተለያየ ዕድሜው ደጋግሞ እንደ ተቀረጸ አሳይቷል። ከእነርሱ አንዱ ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው። በልጅነቱም፣ በጎልማሳነቱም ያ ጠባሳ ይከተለዋል። የተቀረጹት ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ናቸው። የራስ መሸፈኛቸው፣ የጆሮ ጌጣቸውና የፊት ቀለማቸው ማዕረግ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን ይመሰክራል።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ዘዴ ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ፤ በኋላ ለአክሱም ንጽጽር ያስፈልገናል። በአንዲስ አገር ሸክላ ሠሪዎች የሚሽከረከር መንኮራኩር አልነበራቸውም። ሞቼዎች ይህን የሚተካ ሌላ ብልሃት አገኙ፤ እርሱም ቅርጽ ማውጫ ነው። በመጀመሪያ አንድ ራስ በእጅ ይቀረጻል። ከዚያ በላዩ ላይ ጭቃ ተለጥፎ የፊቱና የኋላው ግማሽ ለየብቻ ይወጣል፤ ሁለቱም በእሳት ይተኮሳሉ። ከዚህ በኋላ ለስላሳ ጭቃ በእነዚህ ማውጫዎች ውስጥ እየተጫነ አንድ ዓይነት ራስ ደጋግሞ ይወለዳል። የአንድ ገዥ ፊት በብዙ ቅጂ ተሠርቶ በተለያዩ እጆች ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ይህ ዕቃ የመጠጥ መያዣ ብቻ አልነበረም፤ የሥልጣን መልእክተኛም ነበር።

የኢንካ መንግሥት ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። የኢንካን ታላቁን ማሰሮ «ኡርፑ» ይሉታል። ቂጡ ሾጣጣ፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ረጅም ነው። ከሆዱ ዝቅ ብሎ ሁለት ጆሮዎች አሉት። ሰው በጀርባው አዝሎ በገመድ ያስረዋል፤ ገመዱ በጆሮዎቹ አልፎ ከላይ ባለች ትንሽ ጉብታ ላይ ይያዛል። ይህን የምታዳምጡ እናቶች ሥዕሉ እንግዳ እንደማይሆንባችሁ አውቃለሁ። የእኛም እንስራ በገመድ ታስሮ በጀርባ የሚወጣ ነውና። በኡርፑ ውስጥ የሚቀመጠው ቺቻ የሚባል የበቆሎ ጠላ ነበር። የኢንካ መንግሥት ለሥራ የጠራውን ሕዝብ በቺቻ ያስተናግድ ስለ ነበር ማሰሮው የግብዣውም የሥልጣኑም ምልክት ሆነ። ከኡርፑዎች መካከል አንገታቸው ላይ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው አሉ። አብዛኞቹ ግን የተዋቡት በመስመርና በማዕዘን ጌጥ ነው። ኢንካ ሥልጣኑን በአንድ ሰው ፊት ሳይሆን በየግዛቱ አንድ ዓይነት በሆነ ቅርጽና ጌጥ አሳወቀ።

ከሁለቱ መካከል የነበረው የዋሪ ዘመን ፊት ያለውን ማሰሮ እንደ ሕያው አካል ሳይቆጥረው አልቀረም። አያኩቾ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ኮንቾፓታ የሚባል ስፍራ አለ። የፔሩው አርኪዮሎጂስት ኹሊዮ ቴሎ በ1942 እ.ኤ.አ. እዚያ ከቆፈረ ጀምሮ ሆነ ተብሎ የተሰባበሩ ግዙፍ ሸክላዎች ሲገኙ ኖረዋል። ከነዚህም ውስጥ አንገታቸው በሰው ፊት የተቀረጹ ማሰሮዎች ይገኙበታል። እጅግ ተደክሞባቸው ተሠርተው፣ በሥርዓት ተሰባብረው፣ በአንድ ላይ ተቀበሩ። ይህን የምናውቀው ገሎቹ በተቀበሩበት ስፍራ በጥንቃቄ ስለ ተቆፈሩ ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ መልካም መልካሙን ገል ለቅሞ ሸጦ ቢሆን ኖሮ «የተሰበረ ማሰሮ» ከማለት ሌላ የምንለው ባልኖረን ነበር።

ይህ ወደ አንድ አሳዛኝ እውነት ይመራናል። በዓለም ሙዚየሞች ከተሰለፉት የሞቼ ፊቶች አብዛኞቹ የተገኙበት መቃብር አይታወቅም። በ1926 እ.ኤ.አ. ራፋኤል ላርኮ ኦይሌ በመሠረተው በላርኮ ሙዚየም ውስጥ፣ ዛሬ በዋና ከተማዪቱ በሊማ፣ እነዚህ ራሶች በመደርደሪያ ላይ እንደ ጉባኤ ተደርድረው ይታያሉ። ሥራው ግሩም ነው። ነገር ግን ሰውየው ከማን ጎን እንደ ተቀበረ፣ ዕቃው በራስጌ ይሁን በግርጌ እንደ ነበረ፣ በውስጡ ምን እንደ ነበረ የሚነግረን አፈር ጠፍቷል። በ1987 እ.ኤ.አ. በሲፓን የሞቼ መሳፍንት መቃብር ሲገኝ መጀመሪያ የደረሱት ዘራፊዎች ነበሩ። አርኪዮሎጂስቱ ዋልተር አልቫ ፈጥኖ ባይደርስ ኖሮ የተረፈውም መቃብር በጠፋ ነበር። በዚያ የተረፈው መቃብር ስለ ሞቼ መሳፍንት ያስተማረው ነገር ከስፍራቸው የተነቀሉ እልፍ ዕቃዎች ካስተማሩት ይበልጣል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አክሱም ከ1ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የገነነ መንግሥት ነበር። ከኢንዱቢስ ዘመን ማለትም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ነገሥታቱ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አሠርተዋል። በገንዘቡ ላይ የንጉሡ ፊት አለ፤ በዙሪያው ስሙ ተጽፏል። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት በመስቀል ተተካ። ስለዚህ የአክሱም ወንዶች፣ ይልቁንም ነገሥታቱ፣ ፊትና ስም ይዘው ወደ እኛ ደርሰዋል። የሴቶቹስ ፊት? በገንዘቡ ላይ የለም። የድል ታሪክን የሚተርኩት የድንጋይ ጽሑፎችም የንጉሡንና የሠራዊቱን ሥራ እንጂ የእነርሱን አይነግሩንም።

የአክሱምን ሴት ፊት ያቆየልን ሸክላ ነው። ከአክሱም መቃብሮች ከወጡት ዕቃዎች መካከል አንገታቸው የሰው ራስ ሆኖ የተቀረጸ ገንቦዎች አሉ። ሆዱ እንደ ማንኛውም ገንቦ ክብ ነው። ወደ ላይ ሲጠብብ ግን አንገት መሆኑ ይቀርና ራስ ይሆናል፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ ይኖረዋል። ጸጉሩ በቀጭን መስመር ተበጅቶ ከራስ ቅሉ ጋር ተጣብቆ ወደ ኋላ ይወርዳል። ሊቃውንት የሴት ራስ እንደ ሆነ ይስማማሉ። ይህን ጸጉር አይቶ ለመረዳት ለኢትዮጵያዊ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም፤ ሹሩባ ነው። ዛሬ በትግራይና በሌሎችም የሰሜን አገሮች ሴቶች የሚሠሩት ሹሩባ ከእርሱ ጋር እጅግ እንደሚመሳሰል በአክሱም የቆፈሩ የውጭ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ መስክረዋል።

የእነዚህ ዕቃዎች ትምህርት ወደ እኛ የደረሰው በብዙ ድካም ነው። የጀርመን ጉዞ በኤኖ ሊትማን መሪነት በ1906 እ.ኤ.አ. የአክሱምን ሐውልቶችና ፍርስራሾች መዘገበ። ኔቪል ቺቲክ ከ1972 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በሐውልቶቹ ሥር ያሉትን መቃብሮች ቆፈረ። አብዮቱ ሲፈነዳ ቁፋሮው ተቋረጠ፤ ውጤቱም ከእርሱ ሞት በኋላ በ1989 እ.ኤ.አ. በስቱዋርት መንሮ-ሄይ አዘጋጅነት ታተመ። ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ሥራውን ቀጠለ። በዚህ ጥረት ሸክላው ከነአፈሩ፣ ከነጎረቤቱ ተመዘገበ። የአክሱም ገንቦ ከብዙው የሞቼ ራስ ይልቅ የሚናገረው ስለዚህ ነው፤ ስፍራውን አልተነጠቀም።

እንግዲህ ሁለቱን እናነጻጽር። የሞቼው ፊት የአንድ ሰው ምስል ነው፤ ጠባሳው ሳይቀር የእርሱ ነው። በማውጫ ተባዝቶ ይሰራጫል። ወንድ ነው፤ ባለ ሥልጣን ነው። ሥራው በአክሱም ማን የሠራውን ሥራ ይመስላል ብትሉኝ፣ የሚመስለው ገንቦውን ሳይሆን ገንዘቡን ነው እላለሁ። ገንዘብም በማተሚያ የተባዛ የገዥ ፊት ነውና። የአክሱም ገንቦ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ፊቱ የአንዲት የታወቀች ሴት መልክ ለመሆን አይጣጣርም፤ ጠባሳ የለውም፣ ሽብሽብ የለውም። ጥንቃቄው ሁሉ ያረፈው ጸጉሩ ላይ ነው። ሠሪዋ «ይህች እገሊት ናት» አላለችም፤ «እኛ እንዲህ ነን» አለች እንጂ። ሹሩባ በአንድ ሰው እጅ የማይሠራ፣ አንዷ ተቀምጣ ሌላዋ የምትሠራላት፣ የጎረቤትነት ጥበብ ነው። ስለዚህ በገንቦው አንገት ላይ ያለችው አንዲት ሴት ብትሆንም ከኋላዋ የቆመች ሌላ ሴት አለች። የነገሥታቱ ገንዘብ የአንድን ሰው ስም ሲያቆይ፣ ገንቦው የብዙ ሰዎችን ልማድ አቆየ። ለታሪክ የትኛው ይበልጣል ብዬ አልፈርድም። አንዱን ብቻ ይዘን «የአክሱም ታሪክ» ብለን መጻፋችን ግን ጎደሎ እንደ ነበር እናገራለሁ።

እዚህ ላይ «ሠሪዋ» ማለቴን ያስተዋላችሁ ተማሪዎች ማስረጃዬን ልትጠይቁኝ ይገባል። የአክሱም ሸክላ ያለ መንኮራኩር፣ በእጅ የተሠራ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ አብዛኛው ክፍል ሸክላ በእጅ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ «በአክሱምም ሴቶች ሠሩት» ማለት ሚዛን የሚደፋ ግምት ነው፤ ነገር ግን ከዛሬ ወደ ጥንት የሚሻገር ድልድይ ሁሉ ሸክሙ ሊለካ ይገባዋል። የሺህ ሰባት መቶ ዓመት ርቀት ብዙ ነገር ይለውጣል። ድልድዩን የምናጸናው ሦስት ነገሮችን በማነጻጸር ነው፦ የጭቃውን ቅንብር፣ የአሠራሩን ቅደም ተከተል፣ በሸክላው ላይ የቀረውን የጣትና የመሣሪያ ዱካ። እነዚህን ለማነጻጸር ደግሞ ዛሬ የሚሠራውን ሥራ በዝርዝር መዝግበን መያዝ አለብን። ስለ አክሱም ሴት እጅ የምናውቀው፣ ስለ ዛሬዋ ሴት እጅ በምናውቀው መጠን ነው። የወለጋ ሸክላ ሠሪ ለአክሱም ታሪክ የምታስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

የእጁ ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሸክላ ሠሪ መጀመሪያ አፈሩን ታውቃለች፤ የትኛው ጉድጓድ የምጣድ፣ የትኛው የእንስራ አፈር እንደሚወጣው ትለያለች። አፈሩን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ በውኃ ትነክራለች። ከዚያ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትቀላቅላለች። ይህ ድብልቅ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ፣ እሳት ላይ ሲጣድም ሙቀቱን እንዲችል ያደርገዋል። አሽታ፣ አለስልሳ፣ ከታች ወደ ላይ ትገነባዋለች። በጥላ ታደርቀዋለች፣ በድንጋይ ትፈትገዋለች፣ በመጨረሻ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ትተኩሰዋለች። በውስጡ እርጥበት ከቀረ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። እንግዲህ የገንቦን አንገት ወደ ሰው ራስ መለወጥ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡ። አፍንጫው ወፍራም፣ ጉንጩ ስስ ከሆነ ክፍሎቹ እኩል አይደርቁም፤ ይሰነጠቃል። ሠሪዋ ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው እኩል የሆነ ራስ መገንባት ነበረባት፤ ፈሳሹም በዚያ ራስ ውስጥ አልፎ መቀዳት ነበረበት። ይህ ከዕለት ሥራ ላይ የተጨመረ ጨዋታ አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ሙያ ነው።

ይህ ሙያ ግን በአገራችን ክብር አላገኘም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በስድብ ስም ሲጠሩ፣ «ቡዳ» ተብለው ሲፈሩና ሲገለሉ ኖረዋል። በጎንደር ዙሪያ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ናቸው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ዕቃቸውን የሚገዛው ሕዝብ ግን ከእነርሱ ጋር አይቀላቀልም ነበር። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ መንደር ሴቶቹ ከማሰሮው ጎን ለጎን የሰውና የአንበሳ ትናንሽ ምስሎችን እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ፊት በሸክላ ላይ መቅረጽ በአገራችን ከአክሱም ጋር እንዳልተቀበረ እነዚህ ምስሎች ያስረዳሉ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። አዋጁ መውጣቱ ራሱ ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ይመሰክራል። አዋጅ ምላስን ሊገታ ይችላል። ጋብቻን፣ ማዕድንና ሰላምታን ግን በአንድ ቀን አይለውጥም።

ወደ ወለጋ እንምጣ። በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ ጭቃው «ሱጴ»፣ ሠሪዎቹ «ሱጴ ዾፍቱ» ይባላሉ፤ ሠሪዎቹ ሴቶች ናቸው። ማሰሮው «ኦኮቴ»፣ ምጣዱ «ኤሌ» ነው። ኢትዮጵያዊው አርኪዮሎጂስት ቡላ ሲሪካ ዋዬሳ የወለጋን ሸክላ ሠሪዎች የአሠራር ስልት አጥንቶ በ2011 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ አርኪዮሎጂ መጽሔት ላይ አሳትሟል። ይህ ሥራ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት ነው። ሊቁ ለዓለም የሚነግረውን ነገር ያገኘው ከመሬት በታች ቆፍሮ ሳይሆን በሕይወት ካሉ እናቶች ዘንድ ተቀምጦ ነው። በወለጋ ማሰሮ ላይ የሰው ፊት የለም፤ ፊት ያለው ከማሰሮው ኋላ ነው። አክሱም ውስጥ ፊቱ ቀርቶልን እጁ ጠፋብን። እዚህ ግን እጁም ፊቱም አለ፤ እኛ ግን ስሙን ጠይቀን አልጻፍንም።

አንገር ጉቲን ለዚህ ጥያቄ የተለየ ስፍራ ነው። በደርግ ዘመን በሰፈራ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ሰዎች ከነባሩ ሕዝብ ጋር በዚህ ሸለቆ ኖረዋል። አርኪዮሎጂ ከተወለደ ጀምሮ የሚከራከርበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሕዝብ ሲንቀሳቀስ ሸክላው አብሮት ይንቀሳቀሳል ወይ? የሚሰደድ ሰው ጋኑን አይሸከምም። ከባዱን ዕቃ ትቶ ይሄዳል፤ በደረሰበት አገር የሚሠራውን ገዝቶ ይጠቀማል። ይሁን እንጂ የጠላ አጠማመቁን፣ የወጥ አሠራሩን፣ ማሰሮው ምን ያህል ሰፊ አፍ ይኑረው የሚለውን ምርጫ በልቡ ይዞት ይመጣል። ገዢዋ «አፉን ሰፋ አድርጊልኝ» ስትል፣ ሠሪዋ በሌላ ቋንቋ ሰምታ ስትሠራ፣ አዲስ ማሰሮ ይወለዳል። አንዱ ዕቃ በአንዱ ቤት ድስት፣ በሌላው ቤት ኦኮቴ ይባላል። ከሺህ ዓመት በኋላ የሚቆፍር ሰው ገሉን አይቶ «እዚህ አንድ ሕዝብ ነበር» ወይም «ሁለት ሕዝብ ነበር» ብሎ ቢከራከር፣ መልሱ ያለው ዛሬ በገበያው መካከል ነው። የሚያስፈልገው መዝግቦ የሚያቆይ ተማሪ ነው።

ጊዜው ግን ብዙ አይደለም። ውኃ በእንስራ መቅዳት ቀርቶ በጀሪካን ሆኗል። ድስቱ አሉሚኒየም ነው፤ ምጣዱም በየከተማው ወደ ኤሌክትሪክ እየተለወጠ ነው። ጀሪካን የእናቶቻችንን ጀርባ እንዳቀለለ እኔ አልክድም፤ ማንም ሴት ለቅርስ ስትል ከባድ እንስራ ትሸከም ብዬ አልሰብክም። ነገር ግን ገበያው ሲጠፋ ልጅ ከእናቷ ለመማር ምክንያት ታጣለች፤ ስድቡም ከሙያው ፈጥና እንድትሸሽ ይገፋፋታል። በዚህ መንገድ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊጠፋ የሚችለው ማሰሮው አይደለም፤ ማሰሮው በሙዚየም ይቀመጣል። የሚጠፋው የትኛው ጉድጓድ የትኛውን አፈር እንደሚሰጥ፣ ጭቃው መቼ «በቃኝ» እንደሚል፣ እሳቱ በምን ቀለም እንደሚታወቅ የሚያውቀው እጅ ነው። ይህ ዕውቀት አልተጻፈም። መጽሐፉ ሰውየዋ ራሷ ናት።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለአዳራሹ አቀርባለሁ።

አንደኛው ለተማሪዎች ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ሁሉ ሩቅ አትሂዱ። በቅርባችሁ ካለች አንዲት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ፈቃዷን ጠይቃችሁ ተቀመጡ። የአፈሩን ስፍራ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል፣ የእያንዳንዱን ዕቃና መሣሪያ ስም በራሷ ቋንቋ መዝግቡ። ከማን እንደ ተማረችና ለማን እንዳስተማረች ጠይቁ። ስሟ እንዲጻፍ ከወደደች ጻፉት፤ ዕውቀቷን የሰጠች ሰው «አንዲት መረጃ ሰጪ» ተብላ እንድትቀር ካልፈለገች አትቅር። ለጊዜዋም ተገቢውን ዋጋ ክፈሉ፤ እኛ መምህራን ለንግግራችን ክፍያ የምንቀበል ሰዎች ነን።

ሁለተኛው ለገበሬዎችና ለወጣቶች ነው። ማረሻ ወይም ትራክተር ገል፣ የድንጋይ መሣሪያ ወይም አሮጌ መቃብር ሲያወጣ፣ መልካሙን ለቅሞ ለመሸጥ መቸኮል የሲፓንን ዘራፊዎች መንገድ መከተል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ በድንገት የተገኘ ቅርስ ተጠብቆ እንዲቆይና ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዛል። ዕቃውን በተገኘበት ተዉት፣ ስፍራውን ምልክት አድርጉበት፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። አንድ ገል በስፍራው ሳለ ምስክር ነው፤ ከስፍራው ሲነቀል ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ለእኛ ለመምህራንና ለሙዚየም ባለሙያዎች ነው። በነቀምቴ የወለጋን ሕዝብ የቤት ዕቃና ባህል የሚያሳይ ሙዚየም አለን። በእንዲህ ያሉ ስፍራዎች ሁሉ ከሸክላው በታች «ጀበና»፣ «ጋን» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የሠራችው ማን ናት? ከየትኛው መንደር? አፈሩ ከየት መጣ? ይህ ሊጻፍ ይገባል። ለሠዓሊ ሥዕል ግርጌ ስሙን እንጽፋለን፤ ለደራሲ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ስሙን እናትማለን። ሸክላ ሠሪዋን ከዚህ ሥርዓት ያወጣናት በሥራዋ ማነስ ሳይሆን በእኛ ንቀት ነው።

ክቡራን ወገኖቼ፣ በሊማ መደርደሪያ ላይ የተሰለፉት የሞቼ ገዥዎች ፊታቸው ቀርቶላቸው ስማቸው ጠፍቷል። የአክሱም ነገሥታት ፊታቸውም ስማቸውም አለ። ሹሩባ የተሠራችው የአክሱም ሴት ፊቷና ጸጉሯ ብቻ ደርሶናል። ለእነዚህ ሁሉ የጠፋውን መመለስ አንችልም። በየሳምንቱ ገበያ ላይ የምናያት ሴት ግን ፊት አላት፣ ስም አላት፣ ዕውቀት አላት፤ ቀርቦ የሚጠይቃትም ቋንቋ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከዕቃዋ ፊት ስትቆሙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። በአክብሮት ሰላም በሏት፤ ስሟን ጠይቁ፤ ከዚያም እንዴት እንደ ሠራችው እንድታስተምራችሁ ለምኗት።